የምርምር አለቃና የዋግ ገበሬ

ምርምር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ሊቅ ብቻውን በር ዘግቶ፥ መብራቱን አብርቶ፥ ከመጽሐፉና ከብልቃጡ ጋር ሲታገል ነው። ይህ ሥዕል ለጥንቱ ዘመን ቢስማማ እንኳ ለዛሬው አይስማማም። ዛሬ አንድ የተሻሻለ ዘር ወይም አንድ መድኃኒት ከሐሳብ ተነሥቶ ከሰው እጅ እስኪደርስ ድረስ፥ አዝርዕት የሚያዳቅለው፥ አፈር የሚመረምረው፥ ቁጥር የሚያሰላው፥ ማሳ የሚጠብቀውና መዝገብ የሚይዘው ሁሉ እየተቀባበሉ የሚሠሩት ሥራ ሆኗል። ብዙዎች በሚሠሩበት ሥራ ደግሞ አለቃ ያስፈልጋል። በደቦ እንኳ አውራጅ ከሌለ የተቀባዮቹ ድምፅ አንድ ሊሆን አይችልም።

ስለ ሊቁ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አለቃው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ለመሆኑ የምርምር ቡድን አለቃ ሥራው ምንድን ነው? በጀት ማከፋፈል፥ ሠራተኛ መቅጠርና ሪፖርት ማቅረብ ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሁሉ ከሥራው ውስጥ ናቸው፤ ነገር ግን ይህን ማናቸውም የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ይሠራዋል። የምርምርን አለቃ ከሌላው አለቃ የሚለየው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት፥ ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ ወጥቶ መመልከት ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በዚያ ምድር የምርምር ፍሬም የምርምር ጉድለትም ሳይሸፋፈን ይታያልና። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር፥ በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ዋግ በታሪክ ስሟ የታወቀ አገር ናት። ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት የሚቆጥሩት ዋግሹሞች ሰቆጣን ዋና ከተማቸው አድርገው ለብዙ ዘመን አስተዳድረዋታል። ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው እስከ 1863 ዓ.ም. ገዝተዋል። ከአፋር ሜዳ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ሕዝቧም ከአማርኛ ጋር የአገው ልሳን የሆነውን ኽምጣንጋን ይናገራል። በሰቆጣ አጠገብ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ የዋግ አባቶች ብዙ እጅን በአንድ ሐሳብ ማሠራት ያውቁ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ስለዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት እናስብ። ዐለት ፈልፍሎ የሚሠራ ሰው እንደ ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ አይደለም የሚሠራው፤ ከዐለቱ እየቀነሰ ነው። አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ያረፈ መሮ ዐምዱን ቢቆርጠው መልሶ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ የጠራቢዎቹ አለቃ ዋና ተግባሩ ስሕተት እንዳይደርስ መጠበቅ ነበር። የምርምር አለቃ ግን በዚህ ረገድ የጠራቢዎች አለቃ ተቃራኒ ነው። ስሕተት የሌለበት ምርምር የለም። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ቢሆን ኖሮ መመርመር ባላስፈለገም ነበር። አዝርዕት የሚያዳቅል ባለሙያ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ዘሮችን ዘርቶ ከእነዚያ መካከል አንድ ወይም ሁለት ብቻ ቢቀሩለት ሥራው እንደ ተሳካ ይቆጠርለታል። የቀሩት ሁሉ ወድቀዋል፤ ነገር ግን በመውደቃቸው አስተምረዋል።

የዋግ ገበሬ በበኩሉ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚችልበት አቅም የለውም። ዝናቡ በክረምት ጥቂት ሳምንታት ወርዶ ይቋረጣል፤ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበትም ዓመት ብዙ ነው። ማሳው በተዳፋት ላይ ያለ፥ አፈሩ በጎርፍ የሳሳ ነው። ባለሙያው የወደቀበትን ሙከራ በሚመጣው ዓመት ይደግመዋል። ገበሬው ግን ያልታወቀ ዘር ዘርቶ ቢወድቅበት የወደቀው ሙከራ ሳይሆን የቤተ ሰቡ የዓመት እህል ነው። እንግዲህ አንዱ ካልተሳሳተ ሊያውቅ አይችልም፤ ሌላው ከተሳሳተ ሊኖር አይችልም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው ሰው የምርምር አለቃ ነው። ስሕተቱ የት ይሠራ? በማን ወጪ ይሠራ? በማንስ ትከሻ ላይ ይውደቅ? ይህን መወሰን ነው የምርምር አለቃነት ፍሬ ነገር እንላለን። የሚከተለውም ታሪክ ይህን የሚያስረዳ ይመስለናል።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የገብስ ሌላም ብዙ ዐይነት ዘር ሰብስቧል፤ አገራችንንም የአዝርዕት መገኛ ናቸው ካላቸው ጥቂት የዓለም ክፍሎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። እርሱ ይመራው የነበረው የሌኒንግራድ የዕፅዋት ተቋም ከዓለም ዙሪያ የተለቀመ ዘር የተከማቸበት ነበር። ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ፥ ከተቋሙ ሠራተኞች አያሌዎቹ ዘር በተሞላ ቤት ውስጥ ሆነው በረኀብ ሞቱ እንጂ ዘሩን ለምግብ አላደረጉትም። አለቃቸው በዚያ ጊዜ ከእነርሱ ጋር አልነበረም፤ በመንግሥት ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት አረፈ። አለቃ ጥሩ እንደ ነበር ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፤ እርሱ በሌለበት ቀን ቡድኑ የተሰበሰበበትን ዓላማ አለመርሳቱ።

በአገራችን የእርሻ ምርምር በአንድ ተቋም ሥር የተደራጀው በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ተቋም በተመሠረተ ጊዜ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ርዳታ በሆለታ፥ በባኮ፥ በጅማና በመልካ ወረር የምርምር ጣቢያዎች ሥራ ጀመሩ። እነዚህ ቦታዎች ግን ወይ ዝናብ የበቃቸው፥ ወይ እንደ መልካ ወረር የመስኖ ውሃ ያላቸው ነበሩ። ለሆለታ የተስማማ ዘር ለዋግ ይስማማል ማለት አይቻልም። ዘግይቶም ቢሆን የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በሰቆጣ ለደረቅ መሬት ግብርና የቆመ የምርምር ማዕከል ማቋቋሙ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ስሕተቱ በዚያው አየርና በዚያው አፈር፥ ነገር ግን በገበሬው ማሳ ሳይሆን በማዕከሉ ማሳ እንዲሠራ መንገድ ከፍቷልና።

ይህ ሳይሆን በፊት ግን ክፉው ዘመን መጣ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ እጅግ ከተጎዱት አገሮች ዋግና ላስታ ይገኙባቸዋል። ረኀብ ሲጠና ገበሬ በመጀመሪያ ከብቱን ይሸጣል፥ በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። ለዘር የተቀመጠው እህል በተበላ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ፥ ድርቁንና ውርጩን የለመደ የአገር ዘር አብሮ ይጠፋል። በኋላ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራው ከሌላ አገር የመጣ፥ ያን ምድር የማያውቅ ዘር ይሆናል።

ይህን አደጋ አስቀድሞ ያየ ቡድን በአዲስ አበባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1993 የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። እርሳቸውና በሥራቸው የሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በድርቅ ወደ ተጎዱት አውራጃዎች እየወጡ የአገሩን ዘር ለቀሙ፥ በብርድ ክፍል አኖሩ፤ ከዚያም አልፈው ዘሩ ወደ ገበሬው ተመልሶ በገበሬው ማሳ እንዲጠበቅና እንዲሻሻል አደረጉ። የአለቃው ጥበብ የሚታየው በዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የብዙ አገር የምርምር ሰዎች አዲስ ዘር አውጥቶ አሮጌውን መተካት ብቻ የሥራቸው ፍጻሜ ይመስላቸው ነበር። ዶክተር መላኩ ግን አዲሱ ዘር ቢወድቅ ገበሬው የሚመለስበት መንገድ እንዳይዘጋ ጠበቁ። ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው ዓመት ይህንኑ ሽልማት የተቀበሉ ሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያንም ነበሩ፤ እነርሱም ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ከዋግ ወደ ሰሜን በምትገኘው በአድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የበሽታው አስተላላፊዎች ናቸው። ከዚያም በዩኒቨርሲቲው በተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚስትሪ፥ የዕፅዋትና የሕክምና ሰዎች ተባብረው ነገሩን መረመሩት። ወደ አገር ሁሉ ከማሰራጨታቸው በፊት ግን እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአንዲት በአድዋ ከተማ ብቻ ሞከሩት። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆናቸው ሕፃናት መካከል በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ነገር ሁለተኛውን ጎን ያሳያል። የመርዝነቱ ምርመራ በሚፈለገው ደረጃ አልተሠራም እየተባለ እንዶድ በውጭ ድርጅቶች ዘንድ ሳይታመን ብዙ ዓመት ቆየ። ጥንቃቄ መልካም ነው፤ ሆኖም ከስሕተት የመሸሽም ዋጋ አለው። ያን ዋጋ የከፈሉት ሰነዱን በጠረጴዛቸው ላይ ያቆዩት ሰዎች አልነበሩም፤ በወንዙ ዳር የሚጫወቱት ሕፃናት ነበሩ። እንግዲህ «ገና አልተረጋገጠም» ብሎ ዝም ማለት ከኀላፊነት የሚያድን የሚመስለው አለቃ ቢኖር፥ የመዘግየቱም ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ አለበት።

ስሕተት በዘርና በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን በጥያቄውም ውስጥ ሊኖር ይችላል። የጤፍ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ከወጡት ዘሮች አንዱ ዱከም የተባለው ብዙ ምርት ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ፍሬው የሚፈለገውን ያህል ነጭ ስላልነበረ ገበሬው አልወደደውም። ማኛ የተባለው ደግሞ ነጭነቱ ገበያ ይስባል፥ ምርቱ ግን ያንሳል። ተመራማሪው «ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ገበሬው «ማን ይገዛኛል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች በተገናኙ ጊዜ ሁለቱ ዘሮች ተዳቅለው በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለው ጤፍ ወጣ፤ በአገሪቱም በሰፊው ተዘራ። ይህም ሊሆን የቻለው ቀደም ብሎ ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት አስተውለው የማዳቀሉን ዘዴ ስላገኙ ነው። አንዱ ትውልድ ያገኘውን ሌላው ትውልድ ይሠራበታልና፥ የምርምር አለቃ በእርሱ ዘመን ፍሬ የማይሰጠውንም ሥራ መንከባከብ አለበት።

በዋግ ቆላማ ወረዳዎች ዋናው እህል ማሽላ ነው፤ የማሽላም ክፉ ጠላት አቀንጭራ ነው። ይህ አረም በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡንና ውሃውን ይመጠዋል። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ገበሬው አረሙን ከመሬት በላይ ሲያየው ጉዳቱ ከመሬት በታች አልቋል። ወለንኮሚ አጠገብ ተወልደው በጅማና በዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይህን ጠላት ለማጥናት በተነሡ ጊዜ፥ አዝርዕት የሚያዳቅሉ ብቻ ሆነው አልተነሡም፤ የሕይወት ኬሚስትሪ ሊቅ ከሆኑት ከላሪ በትለር ጋር ተጣመሩ። አቀንጭራ የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ሲያሸት መሆኑ ይታወቅ ነበር። እንግዲያስ ያን ንጥረ ነገር ጥቂት ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ ቢገኝ አረሙ አይነቃም ማለት ነው።

ያን ማሽላ ለማግኘት እጅግ ብዙ ዘር መሞከር ያስፈልጋል። ቡድኑ የማሽላውን ችግኝና የአቀንጭራውን ዘር በአንድ ትንሽ ሳሕን ውስጥ አጋር በሚባል እንደ ሙጫ ባለ ነገር ላይ አድርጎ፥ ከማሽላው ሥር ምን ያህል ርቀት ላይ ያለ አረም እንደሚነቃ የሚለካበትን ዘዴ አበጀ። በማሳ ቢሆን ክረምት ሙሉ የሚፈጀው ስሕተት በሳሕን ውስጥ በጥቂት ቀን ይታወቅ ጀመር። ከላይ ስሕተቱ የት ይሠራ ብለን ላነሣነው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ዘሮች እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ያህል ተባዝተው ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሰጡ። በኢትዮጵያም ጎቢዬ፥ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ተለቀቁ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ።

ይሁን እንጂ ዘሩ ብቻውን እንደማይበቃ የምርምር ሰዎቹ ራሳቸው ያስተምራሉ፤ አፈሩ ማዳበሪያ ማግኘት፥ በትልሙም መካከል ትንንሽ ግድብ እየተበጀ ዝናቡ መቆር አለበት። ደግሞም የሰሜኑ ገበሬ ከማሽላ የሚፈልገው ፍሬውን ብቻ አይደለም። አገዳው ለከብት መኖ፥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ያገለግለዋል። ቶሎ የሚደርሱት ዘሮች ብዙዎቹ አጭር ስለ ሆኑ አገዳቸው ያንሳል፤ ከሌላው ቀድመው ስለሚያሸቱም ወፍ ይሰበሰብባቸዋል። በምርምር ጣቢያ ወፍ የሚጠብቅ ደመወዝተኛ አለ። በገበሬው ዘንድ ግን የሚጠብቀው ልጁ ነው፤ ልጁም በዚያ ሰዓት በትምህርት ቤት መሆን ይገባዋል። የምርምር አለቃ የጣቢያውን ውጤት ሲያነብ እንዲህ ያለውን ወጪ ጨምሮ ካላሰላ ሒሳቡ የተሟላ አይደለም።

የአበርገሌ ፍየልም የራሷ ትምህርት አላት። ቀድሞ በብዙ ቦታ ይሠራበት የነበረው ዘዴ የተመረጡ እንስሳትን በመንግሥት ጣቢያ አርብቶ ለገበሬው ማደል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በመንዝና በቦንጋ፥ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ኋላም በዋግ በአበርገሌ ፍየል ተሠራበት። በዚህ መንገድ ወጠጤውን የሚመርጡት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ባለሙያው የግልገሉን ክብደትና የእናቱን ወተት ይመዘግባል፤ ባለቤቶቹ መልኩን፥ ጠባዩንና ዘሩን ይናገራሉ፤ በመጨረሻ በጋራ ይወስናሉ። የተመረጠው ለመንደሩ መንጋ ይውላል፤ ያልተመረጠው ይኰላሽና ሙክት ሆኖ ይሸጣል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ከባድ ጉዳይ አለበት። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ አስቀድሞ ለገበያ የሚያወጣው ፈጥኖ ያደገውን፥ ማለት ከሁሉ የተሻለውን ወጠጤ ነው። በዚህ ምክንያት የመንጋው ዘር ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ይሄዳል። ያን ወጠጤ አትሽጠው ብሎ መምከር ባለቤቱን ብቻውን ለመንደሩ ሁሉ ጥቅም እንዲከፍል መጠየቅ ይሆናል። ስለዚህ የምርምሩ ቡድን የዘር ጥናት ከማወቅ አልፎ ማኅበር ማቋቋምን፥ የጋራ ገንዘብ መያዝንና ማስታረቅን መማር ግድ ሆነበት። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመራ አለቃ ሰንጠረዥ ማንበብ እንደሚችል ሁሉ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ መስማትም መቻል አለበት።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ሥራው በሦስት ክፍል ተደለደለ፤ መጀመሪያ አዲስ አሠራር የሚፈተንበት፥ ቀጥሎ የሚስፋፋበት፥ በመጨረሻም በአገር ሁሉ የሚዳረስበት ዘመን ነው። የመጀመሪያው ክፍል በተከዜ ተፋሰስ በአማራና በትግራይ በተመረጡ ወረዳዎች ተጀመረ። ጤናን፥ እርሻን፥ ውሃንና ትምህርትን በየፊናቸው የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ለአንድ ሕፃን ሲሉ በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ተደረገ። በጥቂት ቦታ ፈትኖ፥ አርሞ፥ ከዚያ ማስፋፋት የምርምር ሥርዓት ነው፤ መንግሥትም በዚህ ሥርዓት ለመሥራት ማሰቡ የሚመሰገን ነው። የሚያሳዝነው ግን በሰሜን የተነሣው ጦርነት ዋግንም ሳያዳርስ አልቀረም፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ ተሰደደ። ምርምር የዓመታት ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ዓመት ከተበጠሰ ያለፉትም መዝገቦች ዋጋቸው ይቀንሳል። ጦርነት የሚያቃጥለው የቆመውን ብቻ ሳይሆን ሊታወቅ ተቃርቦ የነበረውንም ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለምርምር አለቃ የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን እናወጣለን። አንደኛ፥ ስሕተት በሳሕን፥ በጣቢያ፥ በአንዲት መንደር፥ ቀስ በቀስም በሰፊው አገር እየተፈተነ እንዲሄድ ደረጃውን ይጠብቅ፤ ደረጃ ዘልሎ ገበሬውን የመጀመሪያው ተፈታኝ አያድርገው። ሁለተኛ፥ በቡድኑ ውስጥ «ሙከራዬ ወድቋል» ብሎ የሚናገረውን አይቅጣው። ውድቀትን የሚቀጣ አለቃ የሚሰበስበው የማያልቅ የምሥራች ነው፤ ያ ሐሰተኛ የምሥራችም ከቢሮ ወጥቶ በዋግ ማሳ ላይ ሲዘራ የሚታጨደው ረኀብ ነው። ሦስተኛ፥ ለእውቀቱ ባለቤት ምስጋናውን ይክፈል። እንዶድን ከሊቁ በፊት ልብስ አጣቢዋ ታውቀው ነበር፤ ማሽላውን ከጣቢያው በፊት ገበሬው ሲመርጠው ኖሯል። አራተኛ፥ ጥንቃቄንና ፍርሃትን ለይቶ ይወቅ፤ የመጀመሪያው ለሕዝብ፥ ሁለተኛው ለወንበር የሚደረግ ነውና።

ይህን ስንል ለምርምር አለቆች ብቻ አይደለም። በጀት የሚፈቅደው ሹም በየዓመቱ መጨረሻ የተሳካውን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ አለቃው የሚፈራው ሹሙን እንጂ እውነቱን አይደለም። መምህሩም ተማሪው የሳተውን መልስ ለምን እንደ ሳተ ሳያስመረምር በቀይ ቀለም ሰርዞ ብቻ ካለፈ፥ ነገ ስሕተቱን የሚደብቅ ተመራማሪ ያፈራል። ተማሪውም በበኩሉ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሙከራ የሚሠራበትን ማሳ ብቻ ሳይሆን የሙከራው ፍሬ የሚሄድበትን ቤት እንዲያውቅ እንመኛለን። በሰቆጣ ተራሮች ላይ የምትታየው ትንሽ ማሳ አንድ ክረምት ብቻ ነው ያላት። የሚዘራባት ዘር ስሕተቱን ሁሉ በሌላ ቦታ ጨርሶ የመጣ እንዲሆን ማድረግ፥ አለቃ ለተባለ ሰው የሚገባ ሥራ ነው።